የታመሙ አባት መንበራቸውን ይልቀቁ?

የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት፣ ብዙዎቻችን ፖፕ የምንላቸው አባት፣ ታመሙ በተባለ ቁጥር «ለምን አይለቁም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው አንድ ይምሰል እንጂ ውስጡ ሦስት ነው። መልቀቅ ይችላሉ ወይ? መልቀቅ ይገባቸዋል ወይ? «ለቅቄአለሁ» የሚሉበት አቅም እንኳ ቢያጡስ ማን ይወስናል? ሦስቱን ስንደባልቃቸው ነው ክርክሩ መያዣ መጨበጫ የሚያጣው፤ ስለዚህ በየተራ እንያቸው። በተለየ ካልገለጽኩ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው፤ ይችላሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕገ ቀኖና በቁጥር 332 የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ውሳኔው በነፃ ፈቃድ ይደረግ፣ በሚገባም ይገለጽ። ማንም እንዲያጸድቀው አያስፈልግም። አንድ ጳጳስ ሲለቅ ደብዳቤውን ለሮም ያቀርባል፤ ከሮማው ጳጳስ በላይ ግን ደብዳቤ ተቀባይ አለቃ የለም።

«በነፃ ፈቃድ» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1294 ሴለስቲን 5ኛ የተባሉ አዛውንት መናኝ ከበዓታቸው ወጥተው ተመረጡ፤ ጥቂት ወራት ቆይተውም ለቀቁ። ተተኪያቸው ቦኒፋስ 8ኛ ፉሞኔ በተባለ ግንብ ውስጥ አስቀመጧቸው፤ እዚያው በ1296 አረፉ። ስለዚህ «በእርግጥ ወደው ነው የለቀቁት?» የሚለው ጥያቄ ተተኪውን ሲያሳድዳቸው ኖረ።

እኛም ጥያቄውን እናውቀዋለን። በ1983 ዓ.ም. በአገራችን መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተለዩ። አንዱ ወገን «በጤና ምክንያት በፈቃዳቸው ለቀቁ» አለ፤ ሌላው «ተገደው ነው፤ ፓትርያርክ በሕይወት ሳለ ሌላ አይሾምም» አለ። አንዱ ሲኖዶስ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ ሆኖ እስከ 2010 ዓ.ም. እርቅ ድረስ ምእመናን ተለያይተው ኖሩ። አንድ ቤተሰብ በሁለት አጥቢያ የተከፈለበት ጊዜ ነበር። ልብ በሉ፤ ሕመም እውነተኛ ምክንያት ሊሆን ይችላል፣ ለሌላ ጉዳይ መሸፈኛም ሊሆን ይችላል። ታማሚው ራሱ፣ በአደባባይ፣ ማንም ሳይጫነው ካልተናገረ ከውጭ ሆኖ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንለፍ፤ ይገባቸዋል ወይ? እዚህ ላይ ሁለት ሰዎችን እናነጻጽር።

ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1978 ሲመረጡ የ58 ዓመት ብርቱ ሰው ነበሩ። ፓርኪንሰን ቀስ በቀስ መጀመሪያ እግራቸውን፣ ኋላም አንደበታቸውን ያዘ። በፌብሩዋሪ 2005 ጉሮሯቸው ተቀዶ የመተንፈሻ ቱቦ ገባላቸው። በማርች 27፣ በትንሣኤ ዕለት፣ የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በሕዝብ ሞልቶ ሳለ በመስኮታቸው ብቅ አሉ። ድምፅ ማጉያ ቀረበላቸው። ሊናገሩ ታገሉ፤ ቃል አልወጣም። በእጃቸው አማትበው ባረኩና ተመለሱ። ከ6 ቀን በኋላ አረፉ። አልጋ ላይ የዋለ ስንት በሽተኛ በዚያ መስኮት ራሱን አየ! ይህን ምስክርነት ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም።

በነዲክቶስ 16ኛ ሌላ መንገድ ሄዱ። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2013 ካርዲናሎቹ ስለ አዳዲስ ቅዱሳን ጉዳይ ተሰብስበው ሳለ፣ ከአጀንዳው መጨረሻ ላይ ወረቀት አውጥተው በላቲን አነበቡ። ላቲን የምታውቅ አንዲት የኢጣልያ ዜና ወኪል ጋዜጠኛ ነገሩን ተረድታ ዜናውን ለዓለም አደረሰችው። የ85 ዓመቱ አባት ለአገልግሎቱ የሚያስፈልገው የአካልና የመንፈስ ብርታት ስለተዳከመብኝ እለቃለሁ ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ 2022 መጨረሻ በአብዛኛው በቫቲካን ቅጥር ውስጥ በጸሎት ኖሩ።

እኔ ወደ በነዲክቶስ አደላለሁ፤ ምክንያቴንም ልንገራችሁ። መከራን መሸከም የክርስቲያን ሁሉ ጥሪ ነው፤ ያለ መንበርም ይቻላል። መንበሩ ግን ሥራ አለው። ጳጳሳት ይሾማሉ፣ አቤቱታ ይሰማል፣ በደል ይጣራል። አባትየው ማንበብና መናገር ሲያቅታቸው ሥራው አይቆምም፤ በዙሪያቸው ላሉ፣ ማንም ላልመረጣቸው ሰዎች ይተላለፋል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ይህን ስለምታውቅ ሌሎች ጳጳሳት በ75 ዓመታቸው መልቀቂያ እንዲያስገቡ ትጠይቃለች፤ 80 ዓመት የሞላው ካርዲናልም ፖፕ ለመምረጥ ድምፅ አይሰጥም። የበነዲክቶስ ተተኪ ፍራንቸስኮስ ግን በ88 ዓመታቸው፣ በኤፕሪል 2025 እስካረፉበት ቀን ድረስ በመንበሩ ነበሩ። ይህን ስል ዕድሜ ብቻውን ያስወርድ ማለቴ አይደለም። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ፣ አእምሮው ግን ብሩህ የሆነ አባት ሊመራ ይችላል። መለኪያው ጉዳዩን ራሱ ሰምቶ ራሱ መወሰን መቻሉ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ያሳስበኛል። በድንገት ራሳቸውን ቢስቱና በመሣሪያ እየተነፈሱ ወራት ቢቆዩስ? ሕገ ቀኖናው በቁጥር 335 መንበሩ ባዶ ሲሆን ወይም ሙሉ በሙሉ ሲታገድ አዲስ ነገር እንዳይደረግ፣ ልዩ ሕግም እንዲጠበቅ ያዝዛል። ባዶ ለሆነ መንበር ዝርዝር ሕግ አለ። በሕመም ለታገደው ግን ያ ልዩ ሕግ አልተጻፈም። ስለዚህ ፖፖቹ በግላቸው መላ ሲፈልጉ ኖረዋል። ጳውሎስ 6ኛ በ1965 «አቅም ባጣ መልቀቄ ይታወቅ» የሚል ደብዳቤ ጻፉ። ፍራንቸስኮስም በ2013 ተመሳሳይ ደብዳቤ ፈርመው ለቫቲካን ዋና ጸሐፊ እንደሰጡ በ2022 ተናግረዋል።

ደብዳቤው አስተዋይነት ነው፤ ሕግን ግን አይተካም። ማን ይከፍተዋል? በስንተኛው ቀን? የሕመሙን ደረጃ የሚመሰክሩት ሐኪሞች በማን ይመረጣሉ? ከተጻፈ ዓመታት ያለፉት ፈቃድ ዛሬም ነፃ ፈቃድ ነው ቢባል ማን ይፈርዳል? እነዚህን የሚመልስ ሕግ ማውጣት የሚችሉት ፖፑ ብቻ ናቸው፤ ታመው ከወደቁ በኋላ ደግሞ አይችሉም። ሊዮ 14ኛ በሜይ 2025 ሲመረጡ 69 ዓመታቸው ነበር፤ ሐኪሞቹንና የሚመሰክሩትን ካርዲናሎች በስም ባይሆን በሥራ ድርሻቸው ለይቶ የሚያስቀምጥ ሕግ ለመፈረም በቂ ጊዜ አላቸው።