ዳዊት ሳይደግሙ ድጓ የለም

ከሌላ የትምህርት መስክ ተነሥተው ሐኪም መሆን ለሚሹ ልጆች የተዘጋጀ ትምህርት፤ ጎርጎራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ልጆቼ፣ የዛሬው ትምህርታችን የሚነሣው ከጥያቄ ነው። ከእናንተ አንዱ ታሪክ ይማራል፤ ሌላዋ ቋንቋ፤ ሌላው ሕግ ወይም ነገረ መለኮት። ከደንቢያ ወጥተው ባሕር ማዶ ኮሌጅ የገቡም አሉ። ልባችሁ ግን ወደ ሕክምና ያደላል። ስትጠይቁ፣ «መጀመሪያ ባዮሎጂውን፣ ኬሚስትሪውን፣ ፊዚክሱን ጨርሱ» ትባላላችሁ። ያን ጊዜ ቅር ይላችኋል። «በሽተኛን መውደዴ አይበቃም ወይ? ለምን ከሀ ሁ እንደገና ያስቆጥሩኛል?» ትላላችሁ።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ ስለዚህ ቀስ ብለን በአራት ክፍል እንየው። ሕክምና ከማን እንደ ሆነ፣ ትምህርት ለምን ደረጃ እንዳለው፣ እያንዳንዱ ትምህርት ለበሽተኛው ምን እንደሚጠቅም፣ በመጨረሻም መንገዱ በየት በኩል እንደሆነ።

ክፍል አንድ፤ ሕክምና ከማን ነው?

መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል፤ ከምድር የበቀለውን መድኃኒት አስተዋይ ሰው እንደማይንቀውም ይነግረናል። የንጉሡን የሕዝቅያስን ታሪክ አስቡ። ታመመ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አለቀሰ፣ ጸሎቱ ተሰማለት፣ 15 ዓመትም ተጨመረለት። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ከዚህ ሁሉ ጋር የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ጸሎቱ ተሰምቶ ሳለ በለሱ ለምን አስፈለገ? እግዚአብሔር ምሕረቱን በፈጠረው ነገርና በሰው እጅ በኩልም ስለሚሰጥ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች በላከው መልእክቱ ሉቃስን ሐኪም ብሎ ይጠራዋል። ቤተ ክርስቲያናችንም ጥቅምት 22 ቀን ታስበዋለች። የደጉ ሳምራዊ ታሪክ የሚገኘው በዚሁ ሐኪም ወንጌል ብቻ ነው። ሳምራዊው የቆሰለውን ሰው አይቶ አዘነለት፤ አዝኖም አልቀረም። ዘይትና ወይን ይዞ ነበር፤ ቁስሉን ማሰር ያውቅ ነበር። ከኀዘኔታው ጋር በእጁ ላይ እውቀት ስለነበረ ሰውየው ዳነ። ኅዳር 22 ቀን የምናስባቸው ሰማዕታቱ ቆዝሞስና ድምያኖስም ሐኪሞች ነበሩ፤ ዋጋ ሳይቀበሉ ድሆችን ያክሙ ነበር።

እንግዲህ ጠበልና ሐኪም፣ ምሥጢረ ቀንዲልና ኪኒን አይጣሉም። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ፤ መድኃኒት የሚውጥም ጸሎቱን አይተው። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። ሕክምናን የምትመኙ ልጆች ከእምነት ወጥታችሁ ወደ ሌላ ሥራ አትሄዱም፤ ምሕረት ከሚፈስባቸው መስኖች በአንዱ ልትሰለፉ ነው።

ክፍል ሁለት፤ ትምህርት ለምን ደረጃ አለው?

የአብነት ትምህርት ቤታችንን ተመልከቱ። ልጁ ከፊደል ይጀምራል። ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት ይሻገራል። ዳዊት ሳይደግም ዜማ ቤት ገብቶ ድጓ ልቁጠር የሚል የለም። ከዜማው ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔው ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ይዘልቃል። መምህራኑ ደረጃውን የሠሩት ተማሪውን ለማጉላላት አይደለም። ዳዊት ያልደገመ ልጅ ድጓው ውስጥ የሚመጣውን ቃል ከየት እንደመጣ አያውቀውም፤ ዜማውን ቢይዝ ምሥጢሩ ያመልጠዋል።

ለሕክምና የሚጠየቁት ቅድመ ትምህርቶችም የሐኪም ዳዊት ናቸው። መሠረት የምንላቸውም ለዚህ ነው። መሠረት ማለት ከቤቱ ክፍል የማይታየው፣ ቤቱን ሁሉ ግን የሚሸከመው ነው። በሽተኛው ሐኪሙ ኬሚስትሪ መማሩን አያይም፤ የታዘዘለት መጠን ልክ ሲሆን ግን በዚያ ላይ ያርፋል። አንድም፣ መሠረት ማለት ጊዜ ማለት ነው። የጣናን ታንኳ ሠሪዎች ታውቋቸዋላችሁ፤ ደንገሉን ቆርጠው ያደርቁታል፣ ከዚያ ነው የሚያስሩት። የማድረቁ ጊዜ ከሥራው የተቀነሰ ሳይሆን የሥራው መጀመሪያ ነው። አንድም፣ መሠረት ማለት ትሕትና ማለት ነው። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው ቁጭ ብሎ ወጪውን እንዲያሰላ አስተምሯል። ቁጭ ማለት ዝቅ ማለት ነው። በአንድ ትምህርት የበቃ ሰው በሌላው እንደ ጀማሪ ቁጭ ማለት ይከብደዋል፤ ቁጭ ያለ ግን ይጨርሳል።

በዚህ ቦታ ነቢዩ ዳንኤልንና ሦስቱን ባልንጀሮቹን አስቡ። የተማሩ የይሁዳ ልጆች ነበሩ። በባቢሎን ግን የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሕፈት ሦስት ዓመት እንዲማሩ ታዘዙ። «ይህ የእኛ ትምህርት አይደለም» ብለው አልናቁትም፤ በእርሱም ምክንያት ሃይማኖታቸውን አልጣሉም። እውቀትን የሰጣቸው እግዚአብሔር ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ሆኖም ሦስቱን ዓመት ተቀምጠው ተምረዋል። ጸጋ ትምህርትን አይሽርም፤ ትምህርትን ያፈራዋል።

ክፍል ሦስት፤ እያንዳንዱ ትምህርት ለበሽተኛው ምን ይጠቅማል?

አሁን ወደ ራሳችን ሜዳ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1953 በዚህ በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ጨረሰ። አባቶቻችን ሲያወሩት የሰማችሁ አላችሁ። በማግሥቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ እዚያው የሐኪሞች ትምህርት ተጀመረ። በወረርሽኙ ጊዜ በሜዳው ላይ ያዘነ ሰው አልጠፋም፤ የጠፋው የሚያውቅ ሰው ነበር። ስለዚህ ትምህርቶቹን በዚሁ ወባና በጣናችን ውኃ እንመዝናቸው።

መጀመሪያ ባዮሎጂ። በጣና ዳር የሚዋኝ ልጅ ቢልሃርዚያ ሊይዘው ይችላል። የበሽታው ትል እንቁላል ከሰው ሰገራ ጋር ይወጣል፤ እንቁላሉ ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ የሰው ቆዳ ይበሳል። ይህን ዑደት የተማረ ሐኪም ለልጁ ፕራዚኳንቴል ሰጥቶ ብቻ አያሰናብተውም። ስለ መጸዳጃ ቤት ይናገራል፣ ስለ ውኃው ይጠይቃል። ዑደቱን ያልተማረ ግን ያንኑ ልጅ በየዓመቱ ያክማል።

ሁለተኛ ኬሚስትሪ። ሕፃን ሲያስቀምጠው የምንሰጠው ኦአርኤስ ጨውና ስኳር ነው። አንጀት ሶዲየሙን ከግሉኮሱ ጋር አጣምሮ ያስገባዋል፤ ውኃውም ተከትሎ ይገባል። ለዚህ ነው መጠኑ የተለካው። ለአንድ ሊትር የተሠራውን ፓኬት በግማሽ ሊትር የበጠበጠች እናት ለልጇ አዝና ነው፤ ጨዉ ግን ይበዛበታል። የመጠንን ትምህርት ያልተማረ ፍቅር እንዲህ ሊጎዳ ይችላል።

ሦስተኛ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ። ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት እርሱን ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ዛሬ ጤና ጣቢያ ለወባ የሚሰጡን ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር የሚሠራው ከአርቴሚሲኒን ነው። አርቴሚሲኒን ከአንድ የቻይና ተክል የተገኘ ነው። ያገኘችው ቱ ዩዩ የምትባል ሳይንቲስት ስትሆን እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። እንዴት አገኘችው? እርሷና ባልደረቦቿ የጥንት የሕክምና መጻሕፍትን መረመሩ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ ጌ ሆንግ የተባለ ሊቅ ተክሉን በውኃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ መጠጣትን ጽፎ ነበር። መቀቀልን አላነሣም። እርሷም ሙቀቱ መድኃኒቱን ያጠፋው እንደሆነስ ብላ አሰበች። በዝቅተኛ ሙቀት በሚፈላ ኢተር አወጣችው፤ መድኃኒቱም ተገኘ።

ልጆቼ፣ ይህን ታሪክ በሁለት ዓይን እዩት። አሮጌውን መጽሐፍ በጥንቃቄ የሚያነብ ባይኖር ፍንጩ አይገኝም ነበር። የኢተርን ጠባይ የሚያውቅ ባይኖር ደግሞ ፍንጩ ፍንጭ ሆኖ ይቀር ነበር። ታሪክና ቋንቋ የምትማሩ የመጀመሪያው ዓይን አላችሁ። ሁለተኛውን እንድትጨምሩ ነው የተጠየቃችሁት።

አራተኛ ባዮኬሚስትሪ። በአገራችን ካሉት የወባ ዓይነቶች አንዱ፣ ቫይቫክስ፣ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ይነሣል። ከጉበት የሚነቅለው ፕሪማኩዊን ነው። ነገር ግን ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የጎደለበት ሰው ይህን መድኃኒት ሲወስድ ቀይ የደም ሴሉ ሊፈርስ ይችላል። አንዱን ያዳነ ኪኒን ሌላውን ይጥላል። ይህን አስቀድሞ የሚጠይቅ ሐኪም የሚገኘው ኢንዛይም ምን እንደሆነ ከተማረ ሰው ነው።

አምስተኛ ፊዚክስ። የወባውን ተሕዋስ የምናይበት ማይክሮስኮፕ የብርሃን ትምህርት ፍሬ ነው። ደም በሥር ውስጥ የሚሄድበትም ሕግ አለው፤ የጠባቡ ቱቦ የውስጥ ወርድ በግማሽ ሲቀንስ፣ ግፊቱ ያው ከሆነ፣ የሚያልፈው ፈሳሽ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ትንሽ የጠበበ ሥር ለምን ብዙ እንደሚያስጨንቅ የምታውቁት ከዚህ ነው።

ክፍል አራት፤ መንገዱ በየት በኩል ነው?

በአገራችን ሕክምና ከ12ኛ ክፍል በኋላ የሚጀመር የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ነው። በሁለተኛ ደረጃ ሶሻል የመረጠ ተማሪ በዚያ በር አይገባም፤ ስለዚህ ገና 10ኛ ክፍል ያላችሁ ናቹራልና ሶሻል ስትመርጡ ከጓደኛ ጋር ለመሄድ ብላችሁ አትምረጡ። በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት ደግሞ በጤናና በተፈጥሮ ሳይንስ ዲግሪ የያዙ ሰዎች እንዲገቡ በር ከፍቶ ነበር። ከአንድ በላይ መንገድ ሊኖር እንደሚችል አውቃችሁ፣ ዛሬ ክፍት የሆነውን ጠይቁ።

በአሜሪካ ሥርዓቱ ሌላ ነው። እዚያ የሕክምና ትምህርት የሚጀመረው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው፤ ዲግሪው ደግሞ የታሪክም የሙዚቃም ሊሆን ይችላል። ቅድመ ትምህርቱን ግን ማሟላት ግድ ነው። በአብዛኛው የሚጠየቀው አንድ ዓመት ባዮሎጂ፣ አንድ ዓመት ጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ አንድ ዓመት ፊዚክስ ከነላብራቶሪያቸው፣ ባዮኬሚስትሪና ስታትስቲክስ ነው። ኤምካት የሚባለው የመግቢያ ፈተና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሥነ ልቡናንና ማኅበረሰብ ጥናትንም ይጠይቃል። ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ ለመግባት የምታስቡበትን ራሳችሁ አንብቡ።

እንበልና አንዲት የደንቢያ ልጅ አሜሪካ ሄዳ ታሪክ ትማራለች። ምን እንመክራታለን? ኬሚስትሪው ተራ አለው፤ ጠቅላላው ይቀድማል፣ ኦርጋኒኩ ይከተላል፣ ባዮኬሚስትሪው በኋላ ይመጣል። አንዱ ሌላውን ስለሚጠብቅ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዓመት መጀመር ይሻላታል። ሒሳቧ ከደከመ አስቀድማ ሒሳቡን ትጠግን። ሁለት ከባድ ላብራቶሪ በአንድ ሴሚስተር ተደራርቦ ውጤቷን ከሚያወርድባት፣ አንዱን ለክረምት ወይም ከዲግሪ በኋላ ላለው ዓመት ብታቆየው ይሻላል፤ ከተመረቁ በኋላ ቅድመ ትምህርቱን ብቻ የሚጨርሱ ብዙዎች ናቸው። ያልገባትን ለመጠየቅ አትፈር። አብነት ቤት ታናሹ ከታላቁ ይቀጽላል፤ እርሷም የሚያስቀጽላት ትፈልግ።

ታሪኩን ግን አትጣለው። ሐኪም መጀመሪያ የሚሠራው የበሽተኛውን የሕመም ታሪክ መጠየቅ ነው፤ ምን ቀደመ፣ ምን ተከተለ፣ ማን አየ፣ የቱ ምስክር ይታመናል። ቋንቋ የተማረም እንዲሁ። እናታችን «ልቤን ያቃጥለኛል» ስትል ጨጓራዋን ልትል ትችላለች፤ «ምች መታኝ» ሲል ሰውየው ምን ማለቱ እንደሆነ የሚያዳምጥ ጆሮ ያስፈልጋል።

በዚህ መንገድ ቀድመውን የሄዱ አሉ። ጎንደር የተወለዱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በልጅነታቸው ከመቅደላ ተወስደው በሕንድ አደጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1882 በላሆር ሕክምና ተመርቀው ከአድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዶክተር መላኩ በያን በኦሃዮ ማስኪንገም ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠኑ፤ ጣሊያን ሲወርረን አገራቸው ገብተው ቁስለኛ አክመዋል። ሁለቱም በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ ከመሠረቱ ጀምረው የተማሩ ናቸው።

ልጆቼ፣ እንግዲህ ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። በሽተኛን መውደድ አይበቃም ወይ ብላችኋል። ፍቅርማ ከሁሉ ይበልጣል። ነገር ግን የምትወዱት በሽተኛ ትኩሳት ይዞት ፊታችሁ ሲተኛ፣ ፍቅራችሁ የሚደርሰው በምታውቁት ልክ ነው። ኬሚስትሪውን ስትማሩ ገና ስሙን የማታውቁትን ያን ሰው እየወደዳችሁት ነው። የዛሬ ሌሊት ያጠናችሁት ገጽ ለእርሱ የተቀመጠ ዘይትና ወይን ነው።

ዛሬ ስትመለሱ አንድ ወረቀት ውሰዱ። የጨረሳችሁትን ትምህርት በአንድ ወገን፣ የቀራችሁን በሌላ ወገን ጻፉ፤ ከቀረው ውስጥ የሚቀድመውን አንዱን አክብቡበት። በሚቀጥለው ሰንበት ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናየዋለን።

እውቀትን የሚገልጥ አምላክ ልቡናችሁን ያብራላችሁ፤ እጃችሁን የምሕረት እጅ ያድርግላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።