«ፋይል ያጠፋል» ማለት ለምን አይበቃም? ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች የሚዘጋጅ የክላውድ ፋይል ማጥፊያ መሣሪያ ሰነድ

መግቢያ

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል ማለት የቋንቋ ሞዴል የተጠቃሚውን ጥያቄ ለመፈጸም ውጫዊ መሣሪያዎችን እየጠራ የሚሠራበት ሥርዓት ነው። በተለመደው አሠራር ሞዴሉ የመሣሪያውን ኮድ አያይም፤ የሚቀርብለት ስሙ፣ መግለጫውና የግብዓቶቹ ዝርዝር ነው። ሰነዱ የጎደለበት ባለሙያ ሰው ጠይቆ ይረዳል፤ ወኪል ግን ክፍተቱን በግምት ሊሞላ ይችላል። ፋይል በሚያነብ መሣሪያ ላይ የተሳሳተ ግምት ይታረማል። በማጥፊያ መሣሪያ ላይ ግን የአንድ ተመራማሪ የመስክ ቃለ መጠይቅ ቅጂ ላይመለስ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ጉግል ድራይቭን ዋና ምሳሌ፣ አማዞን ኤስ 3ን ማነጻጸሪያ በማድረግ እንዲህ ያለ ሰነድ ሊያካትታቸው የሚገቡ ነጥቦችን ይመረምራል። መነሻው ጸሐፊው ለሙከራ ላዘጋጀው መሣሪያ በመጀመሪያ የጻፈው መግለጫ ነው፦ «በማከማቻው ያለን ፋይል ያጠፋል።»

1. የ«ማጥፋት» ትርጉም

በጉግል ድራይቭ ኤፒአይ የማጥፊያው ጥሪ ፋይሉን ወደ ቆሻሻ መጣያ ሳያስገባ በቋሚነት ያስወግዳል። የተሰጠው መለያ የአቃፊ ከሆነ ደግሞ በውስጡ ያሉት፣ የተጠቃሚው ንብረት የሆኑ ፋይሎች በሙሉ አብረው ይጠፋሉ። ወደ መጣያ መውሰድ ግን በሌላ ጥሪ፣ ማለትም የፋይሉን መረጃ በማሻሻል የሚፈጸም ሲሆን፣ ፋይሉ በመጣያው ለ30 ቀናት ይቆያል። በአማዞን ኤስ 3 የዕትም ክትትል በበራበት ማከማቻ ላይ የዕትም ቁጥር ሳይጠቀስ የሚደረግ ማጥፋት የመሰረዝ ምልክት ብቻ ያኖራል፤ የቀድሞው ዕትም አይጠፋም። ቁጥሩ ከተጠቀሰ ግን ያ ዕትም በቋሚነት ይወገዳል። ስለዚህ «ያጠፋል» የሚለው ግስ ብቻውን የድርጊቱን መዘዝ አይናገርም።

2. ስምና መለያ

ጉግል ድራይቭ በአንድ አቃፊ ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያላቸው በርካታ ፋይሎች እንዲኖሩ ይፈቅዳል። በመሆኑም መሣሪያው የፋይል ስምን እንደ ግብዓት ሊቀበል አይገባም፤ የፋይሉን መለያ ብቻ መቀበል አለበት። በአማርኛ የስም ችግሩ ይብሳል። «ሐረር» እና «ሀረር» ለአንባቢ አንድ ከተማ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ የፊደል ኮዶች ናቸው። ወኪሉ በአንደኛው አጻጻፍ ፈልጎ ሲያጣ ሌላኛውን ሊመርጥ፣ ወይም ሁለት ልዩ ልዩ ፋይሎችን የአንድ ፋይል ቅጂዎች አድርጎ ሊቆጥር ይችላል።

3. የምላሾች ትርጉም

ከጠፋ በኋላ በድጋሚ የተጠራ ፋይል በጉግል ድራይቭ የ404 ስሕተት ያስመልሳል፤ በአማዞን ኤስ 3 ግን የሌለ ፋይልን ማጥፋትም የ204 የስኬት ምላሽ ይሰጣል። ሰነዱ ይህንን ካላብራራ፣ 404ን ያየ ወኪል «የተሳሳተ ፋይል ሰጥቻለሁ» ብሎ ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ፋይል ፈልጎ ሊያጠፋ ይችላል።

4. ማስጠንቀቂያና ማረጋገጫ

በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. አንትሮፒክ ይፋ ያደረገው የሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል፣ በኋላ በወጣው ዝርዝሩ መሣሪያው አጥፊ መሆኑንና ደግሞ መጥራቱ ተጨማሪ ውጤት እንደሌለው የሚያመለክቱ ምልክቶችን አካቷል። ሆኖም ምልክቶቹ ጠቋሚዎች እንጂ አስገዳጅ ጥበቃዎች አይደሉም። ሰነድም ቢሆን ጥበቃን አይተካም፤ የተጠቃሚውን ፈቃድ መጠየቅና የመዳረሻ መብትን መገደብ በኮዱ ውስጥ መፈጸም ይኖርባቸዋል።

የተሻሻለው መግለጫ

ከላይ ባሉት ነጥቦች መሠረት የመጀመሪያው መግለጫ በሚከተለው ተተክቷል፦

«አንድን ፋይል ወደ ቆሻሻ መጣያ ይወስዳል፤ በቋሚነት አያጠፋም። የፋይል መለያ ብቻ ይቀበላል፤ ስም ወይም አቃፊ አይቀበልም። ከመጥራትህ በፊት የፋይሉን ስም፣ ባለቤትና የተሻሻለበትን ቀን ለተጠቃሚው አሳይተህ ግልጽ ፈቃድ ተቀበል። 404 ከተመለሰ ፋይሉ የለም ወይም መዳረሻ የለህም ማለት ነው፤ ሌላ ፋይል አትፈልግ፤ ለተጠቃሚው አሳውቀህ አቁም።»

መሣሪያው ራሱም ከቋሚ ማጥፊያ ጥሪ ይልቅ የመጣያውን ጥሪ እንዲጠቀም፣ አቃፊንም እንዳይቀበል ተደርጓል። ሰነዱን ማረም የመሣሪያውን ንድፍ ማረምን አስከትሏል ማለት ነው።

መደምደሚያ

የማጥፊያ መሣሪያ ሰነድ ምን እንደሚጠፋ፣ መመለስ ይቻል እንደሆነ፣ ፋይሉ በምን እንደሚለይና ምላሹ ሲመጣ የት መቆም እንደሚገባ መናገር አለበት። የምርምር መረጃቸውን በክላውድ የሚያኖሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ለወኪል ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት እነዚህኑ አራት ጥያቄዎች ቢጠይቁ፣ ከማከማቻው ውጭም አንድ ተጨማሪ ቅጂ ቢይዙ ይመከራል።