ጂግ ስትገዙ ከቀለሙ በፊት ክብደቱን እዩ፦ በሌክ ሚድ ባስ ለማጥመድ

ከሰዘርን ሃይላንድስ ተነስቶ በ215 አውራ ጎዳና ሄንደርሰንን አልፎ ሌክ ሚድ ዳር ለመድረስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ከክፍል በኋላ፣ ወይም ከሌሊት ሥራ መልስ፣ ዘንግ ይዘው ወደዚያ የሚወርዱ ልጆች አሉን። ባስ ለመያዝ ሱቅ ሲገቡ ግን ብዙዎቹ የሚያነሡት ዓይናቸውን የሳበውን ጂግ ነው። የሚያብለጨልጭ ቀለም ከዓሣው ይልቅ ገዢውን ይይዛል። ጂግ በእጅ ስሜት የሚሠራበት ዕቃ ስለሆነ መጀመሪያ ክብደቱ፣ ቀጥሎ የራሱ ቅርጽ፣ በመጨረሻ ቀለሙ ይታያል።

ለማያውቁት፦ ጂግ ማለት መንጠቆ ላይ የተደፋ የእርሳስ ወይም የተንግስተን ራስ ነው። ከራሱ ሥር እንደ ቀሚስ የሚዘናፈል የሲሊኮን ክር አለው። ብዙ ጊዜም መንጠቆው እንጨትና ሣር እንዳይዝ የሚከላከል የፕላስቲክ ብሩሽ ይኖረዋል። መንጠቆው ላይ የሚሰካው ለስላሳ የፕላስቲክ ጅራት ትሬይለር ይባላል። ተንግስተን ከእርሳስ 1.7 እጥፍ ያህል የታመቀ ብረት ስለሆነ በእኩል ክብደት መጠኑ ያንሳል፤ ድንጋይ ሲነካም በዘንጉ በኩል ጥርት ብሎ ይሰማል። ዋጋው ግን ወደድ ይላል። ድንጋይ መሀል ጂግ መጥፋቱ ስለማይቀር ለጀማሪ እርሳሱ ይበቃዋል።

ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ያደገ ሰው ዓሣ ሲያስቡ የሚመጣለት መረብ ነው። መረብ የዓሣውን ፈቃድ አይጠይቅም። የምናውቀው ቆሮሶም ዋና ምግቡ አልጌና የውሃ ዕፅ ነው። ባስ ግን አድፍጦ የሚያድን ሥጋ በል ነው። በሌክ ሚድ አፈ ሰፊው ላርጅማውዝ ባስ ከጥላና ከቁጥቋጦ ሥር ይደበቃል፤ ስሞልማውዝ ባስ ደግሞ ድንጋያማ ቦታ ይወዳል። ሁለቱም ክሬይፊሽ የተባለውን ባለ ጥፍር የውሃ ፍጡር ይወዳሉ፤ ጂግ መሬት ላይ ሲጎተት የሚመስለውም ይህንኑ ነው። (በመንጋ እየዋኘ ትንንሽ ዓሣ የሚያሳድደው ስትራይፕድ ባስ ስሙ ቢመሳሰልም ጠባዩ ሌላ ነው፤ እዚህ አልገባበትም።)

እንግዲህ ክብደት። ትክክለኛው ክብደት መሬት መንካቱን በእጃችሁ የሚያሳውቃችሁ ቀላሉ ክብደት ነው። ከዳር ሆኖ እስከ 10 ጫማ ጥልቀት ለሚያጠምድ ሰው 1/4 አውንስ፣ ማለትም 7 ግራም ገደማ፣ ይበቃል። ከ10 እስከ 20 ጫማ ድረስ 3/8 አውንስ ጥሩ ነው። ከዚያ በታች፣ ወይም ነፋስ ክሩን እንደ ቀስት ሲያጎብጠው፣ 1/2 ወይም 3/4 አውንስ ያስፈልጋል። ቀላል ጂግ በዝግታ ይወርዳል፤ ውሃው ቀዝቅዞ ዓሣው ሲሰንፍ ይህ ይጠቅማል። ነፋስ ሲነሣ ግን መሬቱን ስለማታገኙት ዋጋ የለውም። አንድ ብቻ ግዙ ብትሉኝ 3/8 እላለሁ።

የራስ ቅርጽን በተመለከተ ለሌክ ሚድ ድንጋይና ጠጠር የሚስማማው በአሜሪካን ፉትቦል ኳስ ቅርጽ የተሠራው ነው። ወደ ጎን ሰፋ ያለ በመሆኑ ድንጋይ ላይ እየተንከባለለ ያልፋል፤ ስንጥቅ ውስጥ የሚሰካው ከሌሎቹ ባነሰ ነው። ቁጥቋጦና የሰመጠ እንጨት ባለበት ግን ሾጠጥ ያለ ራስና ጠንካራ ብሩሽ ያለው ይሻላል።

የት እንጣል? ይህ ሐይቅ ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። ሁቨር ግድብ በ1935 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከተሠራ ወዲህ የተጠራቀመው ውሃ ሐይቁ ሲሞላ ከባሕር ወለል በላይ 1,229 ጫማ ይደርስ ነበር። በሐምሌ 2022 ወደ 1,040 ጫማ ወርዷል። በገደሉ ላይ የሚታየው ነጭ ቀለበት የዚህ ምልክት ነው። ለከተማችን አሳሳቢ ነገር ነው፤ ለአጥማጅ ግን የሐይቁን ወለል ገልጦ አሳይቶታል። ከውሃው በላይ የምታዩት ዳገት ብዙ ጊዜ ከውሃው በታችም ይቀጥላል። ጠጠሩ ወደ ትልልቅ ድንጋይ የሚለወጥበት፣ ሜዳው በድንገት ገደል የሚሆንበት፣ የደረቀ ቦይ ወደ ውሃው የሚገባበት ቦታ ሁሉ መጣያ ነው። ሄመንዌይ ሃርበር አካባቢ በእግር እየሄዳችሁ ይህን ማንበብ ትችላላችሁ።

አሁን ዋናው። ጂጉን ወርውሩና ክሩን ሳትወጥሩም ሳትለቁም ተከትሉት። ብዙው ንክሻ የሚመጣው ጂጉ እየወረደ ሳለ ስለሆነ ዓይናችሁ ክሩ ላይ ይሁን። ሲወርድ ቁጠሩ፤ ባለፈው ውርወራ በ8 መሬት ነክቶ አሁን በ5 ከቆመ፣ ወይ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አርፏል ወይ ዓሣ አፍ ውስጥ ገብቷል። ክሩ ወደ ጎን ከሄደ ግን ጥርጥር የለውም።

መሬት ከነካ በኋላ ዘንጉን ወደ ጎን አድርጋችሁ በዝግታ ጎትቱ፤ በሪሉ ሳይሆን በዘንጉ። ሪሉ የላላውን ክር ለመሰብሰብ ብቻ ነው። ጠጠር እንደ ሻካራ ወረቀት ይንቀጠቀጣል፣ ትልቅ ድንጋይ ይይዝና ይለቃል፣ ጭቃ እንደ ሊጥ ይከብዳል። ድንጋይ ሲይዘው በኃይል አትሳቡ። ክሩን ላላ አድርጋችሁ የዘንጉን ጫፍ ነቅነቅ ብታደርጉት አብዛኛውን ጊዜ ይወጣል፤ የወጣበት ቅጽበት ደግሞ ባስ የሚነክስበት ነው። ንክሻው ሁልጊዜ ድብደባ አይደለም። አንዳንዴ ጂጉ ድንገት ክብደቱን ያጣል፣ አንዳንዴ እርጥብ ጨርቅ የያዘ ይመስላል። ያኔ የላላውን ክር ጠቅልሉና ዘንጉን አጥብቃችሁ ወደ ላይ አንሡ። ብሩሽ ያለው ወፍራም መንጠቆ በእርጋታ አይገባም።

ክሩንም አትርሱት። በጥር 2007 (እ.ኤ.አ.) በሐይቁ ውስጥ የተገኘው ኳጋ የተባለ ትንሽ ቅርፊታም እንስሳ ዛሬ ድንጋዩን ሁሉ ሸፍኖታል፤ ቅርፊቱም ክር ይልጣል። ከ12 እስከ 15 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን ክር ተጠቀሙ። ከጥቂት ውርወራ በኋላ የመጨረሻውን 3 ጫማ በጣታችሁ ዳስሱት፤ ከሻከረ ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ። ትልቅ ዓሣ አመለጠኝ ከሚለው ወሬ ግማሹ እዚህ ጋ የሚያልቅ ይመስለኛል።

ቀለም ለመምረጥ ውሃውን እዩ። ኳጋ ውሃውን እያጣራ ስለሚበላ ሐይቁ በአብዛኛው ጥርት ያለ ነው፤ ስለዚህ ቡናማና ጭፍግግ ያለ አረንጓዴ ይሻላል። የከተማው የተጣራ ፍሳሽ በሚገባበት በላስ ቬጋስ ቤይ ወገን ውሃው ይደፈርሳል፤ እዚያና በሌሊት ጥቁር ከሰማያዊ ጋር ጥሩ ነው። በዓሣ ዓይን ከሥር ወደ ሰማዩ ሲታይ ጥቁር ቅርጽ ይጎላል።

በበጋ ቀን ከዳር ሆኖ መሞከር ድካም ነው፤ ዓሣው ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ ሙቀቱም ለሰው አደገኛ ነው። ከንጋት በፊት ሂዱ፣ ውሃ ያዙ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። በጸደይ ውሃው ከ60 ዲግሪ ፋረንሃይት ሲያልፍ ባስ ለመራባት ወደ ዳር ይወጣል፤ ለተማሪ ቀላሉ ጊዜ ይህ ነው። ጎጆውን የሚጠብቀው ወንዱ ስለሆነ የያዛችሁትን ወዲያው ብትመልሱት ደግ ነው።

በኔቫዳ 12 ዓመት የሞላው ሁሉ የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱንና የዓመቱን ደንብ ከግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ታገኛላችሁ። ወደ ቤት ስትመለሱ ጂጉን፣ ጫማውንና ባልዲውን አጥባችሁ በደንብ አድርቁ፤ ኳጋ በእርጥብ ዕቃ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ይጓዛልና።