«ምን ነካው?»፦ የገጸ ባሕርይ ታማኝነትና የታሪክ ቀጣይነት በመናፍስታዊ ተከታታይ ድራማ፣ ከጎንደር የዛር ትውፊት አንጻር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

መናፍስት የሚሳተፉባቸውን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማዎች የሚከታተሉ ተመልካቾች ሁለት ክርክሮችን አዘውትረው ያነሣሉ። አንደኛው ገጸ ባሕርይው ለማን ታማኝ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ዛሬ የታየው ከትናንቱ ጋር መስማማት አለመስማማቱን ይመረምራል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ ክርክሮች በመሠረቱ አንድ እንደሆኑና የሚያገናኛቸውም የተጠያቂነት ጥያቄ እንደሆነ ያስረዳል። ለትንተናው «በፊ» እና «ሱፐርናቹራል» የተሰኙት የአሜሪካ ድራማዎች የተመረጡ ሲሆን፣ መመዘኛው በጎንደርና በቀድሞው በጌምድር ስለ ዛር ከተደረጉ ጥናቶች የተወሰደ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ተከታታይ ድራማ፣ ታማኝነት፣ የታሪክ ቀጣይነት፣ ዛር፣ ተጠያቂነት

1. መግቢያ

በአማርኛ አንድ ሰው ከወትሮ ጠባዩ የወጣ ነገር ሲያደርግ «ምን ነካው?» ይባላል። አነጋገሩ በዕለት ተዕለት ንግግር የተለመደ ቢሆንም ውስጡ አንድ የቆየ ሐሳብ አለ፤ ድርጊቱ ከሰውየው ሳይሆን ሰውየውን ከነካው ነገር ሊመጣ ይችላል የሚል ነው። በመናፍስታዊ ድራማ ይህ ጥያቄ ከአነጋገር አልፎ ታሪኩን የሚያንቀሳቅስ ጉዳይ ይሆናል። ወዳጅ ወዳጁን ይከዳል፤ በሚቀጥለው ክፍል ደግሞ በዚያች ሰዓት ሌላ መንፈስ ሰፍሮበት እንደነበረ ይገለጣል። ተመልካቹም ይከራከራል። ከሐዲው እርሱ ነበርን? እርሱ ካልነበረስ ቀድሞ የታየው ታማኝነት የማን ነበር?

ስለ ተመልካቾች በተደረጉ ጥናቶች ውስጥ ፈር ቀዳጅ ከሚባሉት አንዱ የሄንሪ ጄንኪንስ የ1992 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ነው። ጄንኪንስ የድራማ አፍቃሪዎች ዝም ብለው የሚቀበሉ ሳይሆኑ ታሪኩን የሚተረጉሙና የሚያሟሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ይሁንና ስለ ታሪክ ቀጣይነት የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ የትዝታና የዕውቀት ፉክክር፣ ስለ ታማኝነት የሚደረገው ደግሞ የስሜት ጉዳይ ተደርጎ ተለያይቶ ይታያል። ሁለቱን መነጣጠል ግን ተከራካሪዎቹን የሚያሳስባቸውን ዋና ነገር ይሰውራል። ይኸውም ሰው «ራሱን ሳይሆን» ለፈጸመው በደል ማን ይጠየቃል የሚለው ነው።

2. ጽንሰ ሐሳባዊ ማዕቀፍ

መሪ ስሚዝ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተመልካች ከገጸ ባሕርይ ጋር የሚኖረውን ግንኙነት በሦስት ይከፍለዋል። እነርሱም ገጸ ባሕርዩን እንደ አንድ ሰው መለየት፣ የሚያየውንና የሚያውቀውን አብሮ መከተል፣ በመጨረሻም በግብረ ገብ መዝኖ መወገን ናቸው። በዚህ አከፋፈል መሠረት መለየት ካልተቻለ መወገን አይቻልም። መናፍስታዊ ድራማ የሚያናጋው ይህንኑ የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ፊቱ ያው ሆኖ ባለፊቱ ሌላ ሊሆን ይችላልና።

«ቀኖና» የሚለው ቃልም ማብራሪያ ይሻል። በተመልካቾች ዘንድ የታሪኩ እውነተኛ አካል ተብሎ የተቆጠረው ክፍል ሁሉ ቀኖና ይባላል። አጠቃቀሙ ከሮናልድ ኖክስ የ1911 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ ጋር ይያያዛል። ኖክስ የሼርሎክ ሆልምስን ታሪኮች በመጽሐፍ ቅዱስ መርማሪዎች ስልት በቀልድ መርምሮ ነበር። በእነዚያ ታሪኮች ዶክተር ዋትሰን በ1887 እ.ኤ.አ. በወጣው መጽሐፍ የቆሰለው ትከሻው ላይ ሲሆን፣ በ1890 እ.ኤ.አ. በወጣው ግን እግሩ ላይ ነው። ይህ ዓይነቱ መፋለስ አንባቢን ያስቃል እንጂ አያጣላም፤ የዋትሰንን ታማኝነት አይነካምና። ክርክሩ የሚከርረው መፋለሱ ወዳጅነትንና ክህደትን ሲነካ ነው።

ለመመዘኛነት የተወሰዱት ሥራዎች ሦስት ናቸው። ሚሼል ሌሪስ ከዳካር ጅቡቲ የጥናት ጓድ ጋር በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ተቀምጦ፣ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አጋዥነት የመልካም አየሁን የዛር ቤት አጥንቷል፤ ውጤቱንም በ1958 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አውጥቷል። በዚያው ዓመት ሳይመን ሜሲንግ ስለ ዛር ማኅበርና ስለ ማኅበራዊ ደረጃ ጽፏል። አለን ያንግ ደግሞ የበጌምድርን የሕክምና ልማድ አጥንቶ፣ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የአማራ ሰዎች ቁራኛ የሚይዛቸው ለምን እንደሆነ ጠይቋል። ደብረ ታቦርና አካባቢዋ በዚህ በጌምድር ውስጥ የነበሩ ናቸው።

3. ትንተና

3.1 ማባረርና ማስታረቅ

በአካባቢው ልማድ ከሰው ጋር የተቆራኘ መንፈስ በሁለት መንገድ ይታያል። የመጀመሪያው ማባረር ነው። በጠበልና በጸሎት ርኩሱ መንፈስ እንዲለፈልፍ፣ ስሙን እንዲናገርና እንዲወጣ ይደረጋል። ከወጣ በኋላ በሰውየው አፍ የተነገረው ሁሉ ከወጣው መንፈስ ጋር ይሄዳል። ሁለተኛው በዛር ቤት የሚታየው ነው። የተያዘው ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል። ዛሩ የራሱ ስም፣ ጾታ፣ ማዕረግና የታወቀ ጠባይ አለው። መምጣቱ በጉሪው፣ በፉከራው፣ በሚሻው ልብስና ጌጥ ይለያል። አዋቂዋ ማንነቱን ጠይቃ ካረጋገጠች በኋላ ዛሩ አይባረርም፤ ይታረቃል። ፈረሱም የሚገባውን እየገበረ ዘመኑን ሁሉ ከዛሩ ጋር ይኖራል።

በሜሲንግ ዘገባ የተመዘገበው አፈ ታሪክም ይህንን አብሮ መኖር ያጸናል። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ሊያያቸው በመጣ ጊዜ መልከ መልካሞቹን አሥራ አምስቱን ሸሸገች፤ የተሸሸጉትም ስውር ሆነው ቀሩ፤ ዛሮችም ከእነርሱ ወረዱ። እንግዲህ በዚህ አስተሳሰብ ዛርና ሰው ወንድማማቾች ናቸው፤ ጠባቸውም ማስታረቅን የሚሻ የቤተ ዘመድ ጠብ ነው።

ሌሪስ በዛር ቤት ያየውን ከማስመሰል ለመለየት ሲቸገር «የሚኖሩት ቴአትር» እና «የሚጫወቱት ቴአትር» የሚል መለያ አበጅቷል። በዛር ቤት የተሰበሰቡት ሰዎችም በበኩላቸው የተጠነቀቁ ተመልካቾች ነበሩ። የአንድ ዛር ጠባይ በየጊዜው ተመሳሳይ መሆኑን ይከታተላሉና። የጠባይ ቀጣይነት የማንነት ማስረጃ የሚሆነው በድራማ ተመልካች ዘንድ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

3.2 ኤንጅልና ስፓይክ፦ ነፍስ ያለውና የሌለው

«በፊ» ከ1997 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በሰባት ምዕራፎች ታይቷል። ኤንጅል ደም መጣጭ ሆኖ ሳለ በእርግማን ነፍሱ የተመለሰችለት ገጸ ባሕርይ ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ ነፍሱን ሲያጣ ኤንጅለስ የተባለው የቀድሞ ማንነቱ ይመለሳል፤ መምህርት ጄኒንም ይገድላል። ነፍሱ ከተመለሰች በኋላ ተመልካቾች በሁለት ወገን ይቆማሉ። አንደኛው ወገን ገዳዩ ኤንጅለስ እንጂ ኤንጅል አይደለም ይላል። ይህ የማባረር አስተሳሰብ ነው፤ በደሉ ከሄደው ጋር ሄዷል። ሌላው ወገን ኤንጅል በደሉን ያስታውሳል፣ በዚያም ይጸጸታል፣ ስለዚህ ዕዳው የእርሱ ነው ይላል።

ድራማው ራሱ የሚያደላው ለሁለተኛው ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ኤንጅል እርዳታ ሊለምን ጄኒን ይወድዳት ወደ ነበረው ወደ ጃይልስ ቤት ይመጣል። ጃይልስም መሣሪያውን ደግኖ ያስገባዋል። ቂሙን አልተወም፤ በሩን ግን አልዘጋም። ነፍስ ደም መጣጩን አላባረረችውም፤ አብራው ትኖራለች፤ ኤንጅልም የዕድሜ ልክ ገባር ይሆናል።

የስፓይክ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በድራማው ሕግ ነፍስ የሌለው ፍጡር በጎ ሊያደርግ አይችልም። ስፓይክ ግን ነፍስ ሳይኖረው በአምስተኛው ምዕራፍ የበፊን እኅት ምሥጢር ላለማውጣት ሥቃይ ይቀበላል። ይህ የታሪክ መፋለስ ነው ወይስ እውነተኛ ታማኝነት? ሕጉን የሚያስቀድም ተመልካች ታማኝነቱን ይክዳል፤ ታማኝነቱን የሚያምን ሕጉን ያስፋፋል። እዚህ ላይ የታማኝነትና የቀጣይነት ክርክሮች አንድ መሆናቸው በግልጽ ይታያል፤ አንደኛውን ሳይፈርዱ ሌላውን መፍረድ አይቻልም።

3.3 ሳምና ካስቲኤል፦ ፈረሱና ጋላቢው

«ሱፐርናቹራል» ከመስከረም 2005 እስከ ኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. በ15 ምዕራፎችና በ327 ክፍሎች የቀረበ የሳምና የዲን ዊንቸስተር ወንድማማችነት ታሪክ ነው። በስድስተኛው ምዕራፍ ሳም ያለ ነፍስ ከሲኦል ይመለሳል፤ ወንድሙ ወደ ደም መጣጭነት ሲለወጥም ቆሞ ያያል። በሳም ውስጥ የገባ ሌላ መንፈስ የለም፤ የጎደለ ነገር አለ እንጂ። ስለዚህ በደሉን የሚወስድ ተባራሪ አይገኝም። ነፍሱ ከተመለሰች በኋላ ሳም የማያስታውሰውን በደል ለማወቅና ለማረም ይነሣል። ትዝታው የተቋረጠ ቢሆንም ተጠያቂነቱን ራሱ ይቀጥለዋል።

ካስቲኤል ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል። እርሱ መልአክ በመሆኑ ተጋላቢ ሳይሆን ጋላቢ ነው፤ የሰፈረበት ሰው ጂሚ ኖቫክ ይባላል። በዚያው በስድስተኛው ምዕራፍ ከወንድማማቾቹ ተሰውሮ ከጋኔኑ ከክራውሊ ጋር ይዋዋላል። አንድ ሙሉ ክፍልም ከእርሱ እይታ ይተረካል። በስሚዝ አነጋገር ተመልካቹ እንዲከተለው ይደረጋል፤ መወገን አለመወገኑ ግን ለራሱ ይተዋል። «ምን ነካው?» የሚለው ጥያቄ እዚህ መልስ የለውም፤ የነካው የለምና። ሆን ብሎ፣ ለበጎ መስሎት አድርጎታል። በዚህም ምክንያት የካስቲኤል ክህደት በመንፈስ ከተያዘ ሰው በደል ይልቅ ለይቅርታ ያስቸግራል።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄም አለ። ጂሚ የካስቲኤል ፈረስ የሆነው ሴት ልጁ ክሌር በእርሱ ምትክ እንዳትወሰድ ለምኖ ነው። በአሥረኛው ምዕራፍ ካስቲኤል ያለ አባት ያደገችውን ክሌርን ፈልጎ ያገኛል። በጎንደር ዛር ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚወርድ ይነገራል፤ ስለዚህ ዝምድናው ከአንድ ፈረስ ጋር አያበቃም። ካስቲኤል ወደ ክሌር መመለሱ በዚህ ዓይን ሲታይ የጎን ታሪክ አይሆንም። ታማኝነቱ የሚፈተነው ለዊንቸስተሮች በሠራው ብቻ ሳይሆን በጋለበው ሰው ቤትም ነው።

3.4 የኋልዮሽ እርማት

ደራሲዎች ያለፈውን ታሪክ በኋላ ሲለውጡት ተመልካች ሁልጊዜ አይቃወምም። በ2000 እ.ኤ.አ. በፊ ከዚያ ቀደም ያልነበረች እኅት አገኘች። ድራማው ግን ለውጡን አልሸሸገም፤ ልጅቱን መነኮሳት እንደ ፈጠሯት፣ ትዝታውም የተሠራ እንደሆነ ገለጠ። በፊም ይህን አውቃ እኅቷን መረጠች። ትዝታው ሐሰት ቢሆንም ታማኝነቱ እውነተኛ ሆነ።

የቸክ ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ«ሱፐርናቹራል» አራተኛ ምዕራፍ የወንድማማቾቹን ታሪክ የሚጽፍ ደካማ ደራሲ ሆኖ የገባው ቸክ በአሥራ አንደኛው ምዕራፍ ፈጣሪ መሆኑ ይረጋገጣል፤ በመጨረሻው ምዕራፍም የታሪካቸው ተቆጣጣሪና ጠላት ይሆናል። ችግሩ የቀደሙት ክፍሎች መፋለሳቸው ብቻ አይደለም። ሁሉን የጻፈ እርሱ ከሆነ አንዱ ወንድም ለሌላው የከፈለው መሥዋዕትነት የራሱ ነበርን? ለውጡ ያለፈውን ታማኝነት ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ስለሚነካ ክርክሩ የጠነከረ ሆነ።

4. የንጽጽሩ ወሰን

የዛር ትውፊት እዚህ ለንጽጽር መቅረቡ ከድራማ ጋር እኩል ነው ለማለት አይደለም። ለባለ ዛሩ መንፈሱ ልብ ወለድ አይደለም፤ ሕመሙም እውነተኛ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ልማዱን ታወግዛለች። ከትውፊቱ የተወሰደው እምነቱ ሳይሆን ስለ ማንነትና ስለ ዕዳ የሚያስብበት ሥርዓት ነው።

5. ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው ተመልካቾች ስለ ታሪክ ቀጣይነት አጥብቀው የሚከራከሩት አንድ ለውጥ ታማኝነትን ሲነካ ነው። ስለ ታማኝነት የሚከራከሩትም ገጸ ባሕርይው ያው ሰው መሆኑን ማረጋገጥ ሲሳናቸው ነው። የማባረር አስተሳሰብ ፈጣን መልስ ይሰጣል፤ መንፈሱ ከወጣ ሰውየው ንጹሕ ነው። የማስታረቅ አስተሳሰብ ግን ነፃነትንና በደልን እንዲህ በቀላሉ አይለያይም፤ የተያዘው ሰው ጥፋተኛ ሳይባል ባለዕዳ ሊሆን ይችላል። ኤንጅል፣ ሳምና ካስቲኤል ለረጅም ዘመን አከራካሪ የሆኑት በዚህ በሁለተኛው መንገድ ስለሚኖሩ ነው። ጥፋተኝነትንና ባለዕዳነትን የሚለይ ይህ መመዘኛ በጎንደርና በበጌምድር ትውፊት ውስጥ ቀድሞ የነበረ ነው። ወደፊት በአማርኛ በሚዘጋጁ ተከታታይ ድራማዎች ላይ ጥናት የሚያደርጉ ተማሪዎችም ከውጭ ከመጡ ጽንሰ ሐሳቦች ጎን ይህን የአገር ውስጥ መመዘኛ ሊሠሩበት ይገባል።