የክርን ጅማት ስንት ይችላል?

ቤዝቦል በአገራችን እምብዛም የታወቀ ስፖርት አይደለም። ለዚህ ጽሑፍ ግን ጥቂት ነገር ማወቅ ይበቃል። ፒቸር የሚባለው ወርዋሪ 145 ግራም ገደማ የምትመዝን ኳስ 18.44 ሜትር ርቆ ለቆመ መቺ ይወረውራል፤ መቺው ሦስት ጊዜ ከሳተ ተራው ያበቃል። አንድ ቡድን ጨዋታውን ለመጨረስ 27 መቺዎችን ማስወጣት አለበት። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስቲቨን ስትራስበርግ የሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በኤፕሪል 2008 ከዩታ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ግጥሚያ ከ27ቱ 23ቱን በዚህ መንገድ አሰናበተ። በዚያው ዓመት በቤጂንግ ኦሊምፒክ የነሐስ ሜዳሊያ ባገኘው የአሜሪካ ቡድን ውስጥ ብቸኛው የኮሌጅ ተማሪ እርሱ ነበር። በ2009 የዋሽንግተን ናሽናልስ ቡድን ከአማተሮች ሁሉ አስቀድሞ መረጠው። ኳሱ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትፈጥን ነበር። በጁን 2010 የመጀመሪያ ጨዋታው 14 መቺዎችን አሰናበተ፤ በኦገስት ግን የክርኑ ጅማት ተበጠሰ።

ለምን? ወርዋሪው ክንዱን ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት ሲያስፈነጥር የታችኛው ክንድ ከላይኛው ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህ ጊዜ የክርኑ ውስጠኛ ጎን ሊከፈት ይፈልጋል። በተመራማሪዎች የተለካው የማጠማዘዝ ኃይል ወደ 64 ኒውተን-ሜትር ይደርሳል። አንባቢ ራሱ ያስላው፤ ከክርን 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ 22 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት ወደ ጎን እንደ ማንጠልጠል ነው። በአስከሬን ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ግን ይህ ጅማት ለብቻው 32 ኒውተን-ሜትር ገደማ ሲደርስ ይበጠሳል! በእያንዳንዱ ውርወራ የማይበጠሰው የክንድ ጡንቻዎችና የአጥንቱ ቅርጽ ሸክሙን ስለሚጋሩት ነው። ጡንቻ ሲደክም ድርሻው ወደ ጅማቱ ይዞራል። ጡንቻ ብዙ ደም ስለሚያገኝ በልምምድ በቶሎ ይጠነክራል፤ ጅማት ግን ደሙ አነስተኛ፣ ለውጡም አዝጋሚ ነው። ስለዚህ የወርዋሪው ጉልበት ጅማቱን ቀድሞ ሊሄድ ይችላል።

ሕክምናው በ1974 በዶክተር ፍራንክ ጆብ የተጀመረ ሲሆን የሚጠራው በመጀመሪያው ታካሚ በቶሚ ጆን ስም ነው። ብዙውን ጊዜ ከታችኛው ክንድ አንድ ቀጭን ጅማት ተወስዶ በአጥንቶቹ ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች ይሰፋል። አውራ ጣትዎንና ትንሿን ጣት አገናኝተው አንጓዎን ቢያጥፉ መሐል ላይ ብቅ የሚለው እርሱ ነው። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ጭራሹን የለም፤ አለመኖሩም አይጎዳቸውም። ቶሚ ጆን ከሕክምናው በኋላ 164 ጨዋታዎችን አሸንፏል።

ስትራስበርግ በሴፕቴምበር 2011 ተመለሰ። በ2012 ቡድኑ ለዋንጫ እየተፎካከረ ሳለ፣ አዲሱን ጅማት ለመጠበቅ ሲባል ከ160 ዙር በታች ሲወረውር አስቆመው፤ ውሳኔው ብዙ አከራከረ። በእኔ አመለካከት ክርክሩ በሳይንስ ሊፈታ አይችልም፤ አንድ ክንድ ለራሱ ማነጻጸሪያ ሊሆን አይችልምና። በ2019 ቡድኑ የዓለም ተከታታይ ውድድር የሚባለውን ዋንጫ ሲያነሣ ኮከብ ተጫዋች ተባለ፤ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውልም ፈረመ። ከዚያ በኋላ የጀመራቸው ጨዋታዎች 8 ብቻ ናቸው። በዚህኛው ጊዜ የታመመው በአንገትና በትከሻ መካከል፣ ነርቮችና የደም ሥሮች በአንገት አጥንትና በመጀመሪያዋ ጎድን መካከል የሚያልፉበት ጠባብ መተላለፊያ ነበር። በ2021 ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ በ2022 አንድ ጊዜ ብቻ ወረወረ፣ በ2024 ጡረታ ወጣ። በ2010 የተተከለው የክርን ጅማት ዳግም መተካት አላስፈለገውም።