የከፍታ ተጽዕኖ በአሮጌ አውቶሞቢል የሞተር ጉልበት ላይ፦ ፔጆ 504 በአምቦና በአካባቢው ከተሞች

መግቢያ

የአሮጌ አውቶሞቢል ባለቤቶች ዘወትር ከሚያሰሙት አቤቱታ አንዱ «ሞተሩ ደክሟል» የሚል ነው። እንደ ምዕራብ ሸዋ ባለ ደጋማ ስፍራ ግን ድካሙ ከሞተሩ ማርጀት ብቻ ሳይሆን ከአየሩ መሳሳትም ይመነጫል። ሁለቱን መንስኤዎች አለመለየት ጤናማ ሞተር ያለ ምክንያት እስከ ማስፈታት ያደርሳል። ይህ ጽሑፍ ልዩነቱን በስሌት ያሳያል።

የስሌቱ መነሻ

ለምሳሌነት የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1968 ለገበያ የቀረበው ፔጆ 504 ነው። ባለ 1,971 ሲሲው የካርቡሬተር ሞተር 93 የፈረስ ጉልበት እንዳለው በፋብሪካው ተገልጿል። አኃዙ የሚጸናው በባሕር ጠለል ግፊት፣ ማለትም በ1,013 ሚሊባር ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ቀመር መሠረት፣ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አምቦ ግፊቱ ወደ 785፣ 1,650 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ባኮ ደግሞ ወደ 830 ሚሊባር ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ከግፊቱ ጋር በቀጥታ፣ ከአየሩ ፍጹም ሙቀት ካሬ ሥር ጋር ደግሞ በተገላቢጦሽ ይለዋወጣል። ለአምቦ 22፣ ለባኮ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ተወስዷል።

ውጤትና ትንታኔ

በዚሁ ስሌት የሞተሩ ከፍተኛ ጉልበት በአምቦ 72፣ በባኮ 75 ገደማ ይሆናል። በአምቦ የሚጎድለው 21 የፈረስ ጉልበት ቀላል አይደለም። ከነጭነቱ 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 6 በመቶ ተዳፋት ያለውን ዳገት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመውጣት፣ የነፋስና የጎማ ተቃውሞ ሳይታሰብ፣ ለዳገቱ ብቻ የሚፈልገው ጉልበት ይህንኑ ያህላል። ስለዚህ ከጉደር ወደ ጌዶ የሚወጣ ሾፌር ቀድሞ ማርሽ ለመቀነስ መገደዱ በራሱ የብልሽት ማስረጃ አይሆንም።

ካርቡሬተሩም ችግሩን ያባብሳል። አየሩ ሲሳሳ የሚቀዳው ነዳጅ በዚያው መጠን ስለማይቀንስ ድብልቁ በነዳጅ ይበዛል። በባሕር ጠለል 14.7 ለ1 የነበረው የአየርና የነዳጅ ምጣኔ በአምቦ ወደ 13 ለ1 ይጠጋል። ምልክቶቹ የካንዴላ መጥቆር፣ ጥቁር ጭስና የነዳጅ ፍጆታ መጨመር ናቸው። መፍትሔው ካርቡሬተሩን ለከፍታው ማስተካከል እንጂ ሞተር መፍታት አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስተው የኮምፕሬሽን ልኬት ነው። በባሕር ጠለል 11 ባር የሚያሳይ ጤናማ ሲሊንደር በአምቦ 8.5 ባር ገደማ ያሳያል። የመመሪያ መጽሐፉን አኃዝ ብቻ የሚመለከት መካኒክ ፋሻ ኤላስቲካው አልቋል ብሎ ሊፈርድ ይችላል።

መደምደሚያ

መካኒኩ ከፍርድ በፊት ልኬቱን ለከፍታው ማስተካከል፣ ቀጥሎም ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ይገባዋል። ከፍታ ሁሉንም እኩል ዝቅ ሲያደርግ፣ እርጅና ግን ብዙውን ጊዜ አንዱን ከሌላው ይለያል። ሁሉም እኩል ካለቁ ከፍታው ከሚያስከትለው በታች ያነባሉ፤ ያን ጊዜ ጥቂት ዘይት በሲሊንደሩ አፍስሶ መለካት ይበጃል። ልኬቱ ከጨመረ ያለቀው ፋሻው ነው፤ ካልጨመረ ጥርጣሬው ወደ ቫልቩ ወይም ወደ ጓርኒሲዮኑ ይዞራል።