ውኃ ስለማያስገባ ቅብ

ውኃ ለሕይወት እጅግ የሚያስፈልግ ሲሆን፣ በማይገባው ስፍራ የገባ እንደ ሆነ ብዙ ንብረት ያጠፋል። ቆዳን ያበሰብሳል፤ ብረትን ያዝጋል፤ የብራናንም ጽሕፈት ያደበዝዛል። ስለዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምረው ዕቃቸውን በሰም፣ በሞራና በዝፍት ሲቀቡ ኖረዋል። የኖኅም መርከብ በዝፍት እንደ ተለቀለቀች በኦሪት ተጽፎ ይገኛል።

የቅቡ ምሥጢር እንዲህ ነው። የውኃ ደቃቅ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው አጥብቀው ይሳሳባሉ። የጥጥ ጨርቅ ውኃን ስለሚስብ ጠብታው በላዩ ተዘርግቶ ይሰርጋል። ሰም ግን ውኃን የመሳብ ኃይሉ ደካማ ስለ ሆነ ጠብታው ተሰብስቦ እንደ ዶቃ ይንከባለላል። ይህም ነገር ዝናብ በጎደሬ ቅጠል ላይ ሲወርድ በግልጥ ይታያል። ቅጠሉ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉብታዎችና ስስ ሰም ስላሉት ውኃው አይጣበቅበትም፤ ሲንከባለልም አቧራውን ጠርጎ ይወርዳል።

መምህሩ ይህን በክፍል ውስጥ ሊያሳይ ቢወድ ሁለት ቁራጭ አቡጀዲ ይውሰድ። አንዱን እንዳለ ይተወው፤ ሁለተኛውን በቀለጠ የንብ ሰም በስሱ ይቀባው። ሰሙ ከረጋ በኋላ በሁለቱም ላይ ውኃ ያንጠባጥብ፤ ልዩነቱንም ተማሪዎቹ ራሳቸው ይናገሩ። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ሙቀት ይቀልጣል። በቶሎ የሚቀጣጠል ስለ ሆነ በቀጥታ በእሳት ላይ አይጣድ፤ ሰሙን የያዘው ጣሳ ሙቅ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ ይቀመጥ። የማቅለጡን ሥራ ለሕፃናት መተው አይገባም። ለጫማና ለመጽሐፍ ማኅደር ሰም ከጥቂት ሞራ ጋራ ቀልጦ ቢቀባ ቆዳውን ያለሰልሳል፤ ዝናብም ይከላከላል። ብርቱ ፀሐይ ሲያለሰልሰው ወይም ሲታሽ ሲለቅ እንደ ገና ይቀባል።

በውጭ አገር ደግሞ ሌላ ዘዴ ተገኘ። (እዚህ የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ1823 ዓ.ም. የስኮትላንድ ሰው ቻርልስ ማኪንቶሽ ጎማን በናፍታ አሟሙቶ በሁለት ጨርቆች መካከል በመለጠፍ የዝናብ ልብስ አወጣ። በ1938 ዓ.ም. ሮይ ፕላንኬት የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ቴፍሎንን አገኘ። ከዚያም በኋላ ፍሎሪን ያለባቸው ብዙ ቅቦች ለልብስ፣ ለምንጣፍና ለምግብ መጠቅለያ ወረቀት ተሠሩ።

ዳሩ ግን የእነዚህ ቅቦች ጽናት ጉዳት አመጣ። በቀላሉ ስለማይፈርሱ ከዕቃው ታጥበው በወንዝ፣ በአፈርና በሰው ደም ውስጥ ይቈያሉ። ከእነርሱም ፒፎስ የተባለው በ2009፣ ፒፎአ የተባለው በ2019 ዓ.ም. በስቶክሆልም ስምምነት ከሚከለከሉና ከሚገደቡ ኬሚካሎች ጋራ ተቈጠሩ። በ2023 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ፒፎአ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ወሰነ።

ስለዚህ ዕቃ የሚቀባ ሰው ቅቡ ከምን እንደ ተሠራ፣ ዕቃውም ለምን እንደሚያገለግል አስቀድሞ ይመርምር። የውኃ መቅጃ፣ የወተት ዕቃና የእህል መያዣ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም በግድግዳ ቀለም ፈጽሞ አይቀባ፤ በውስጡ ያለው መርዝ ወደ መብልና ወደ መጠጥ ይገባልና። ለጫማ፣ ለጨርቅና ለመጽሐፍ ማኅደር በየመንደሩ የሚገኘው የንብ ሰም ይበቃል። ሽማግሎችም በየአገራቸው ቅልና አገልግል በምን ይታሽ እንደ ነበር ለተማሪዎች ቢያስረዱ ትምህርቱ ይሟላል።